ፊርማ የሌለው እጅ፦ በእጅ የተሠራ የስኑከር ዘንግና የእድሳቱ ታሪክ



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ ለታሪክ መድረክ ያነሰ ሊመስል ይችላል። ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦርነት ወይም ስለ ድንበር ውል አልናገርም። የምናገረው ርዝመቱ አንድ ሜትር ተኩል ስለማይሞላ፣ ክብደቱም ግማሽ ኪሎ ገደማ ስለሆነ አንድ የእንጨት ዘንግ ነው። ዘንጉ ስኑከር በተባለው የቢሊያርድ ዓይነት ጨዋታ ኳስ የሚመታበት ነው፤ እንግሊዞች «ኪው» ይሉታል፣ እኔ ግን በዚህ ንግግር «ዘንግ» እያልኩ እጠራዋለሁ። በእጅ የተሠራና ዕድሜ ያስቆጠረ ከሆነ ሰብሳቢዎች በሐራጅ ይሻሙበታል፣ ጠጋኞችም ያድሱታል። የእኔ ሐሳብ እንደ ሰነድ እንድናነበው ነው። ከዚያም የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ አሮጌ ዕቃ ሲታደስ ምን ይተርፋል፣ ምንስ ይጠፋል? ብራናን፣ የቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕልን ወይም አሮጌ ቤቶችን ለምታጠኑ ሁሉ ይህ ጥያቄ እንግዳ አይደለም። እምነታችንንና ማንነታችንን በማይነካ በአንድ ትንሽ የባዕድ ዕቃ ላይ ስናነሣው ግን ያለ ስስት ልንከራከርበት እንችላለን። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ቢሊያርድ መጀመሪያ በሜዳ ሣር ላይ ይደረግ የነበረ ጨዋታ ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት ወደ ቤት ውስጥ ገብቶ ጠረጴዛ ላይ ወጣ፤ የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 11ኛ ከጠረጴዛው የመጀመሪያ ባለቤቶች መካከል በስም ይታወቃል። አረንጓዴው ጨርቅ የዚያ ሣር መታሰቢያ ነው ይባላል። በዚያ ዘመን ኳስ የሚመታው በዛሬው ዓይነት ዘንግ አልነበረም። ጫፉ ወፈር ያለ፣ እንደ ማማሰያ ጠፍጣፋ የሆነ መግፊያ ነበር፤ ተጫዋቹም ኳሱን ይገፋው ነበር እንጂ አይወጋውም። ኳሱ ከጠረጴዛው ጠርዝ ሲጠጋ ግን የመግፊያው ወፍራም ራስ አላስገባ ይላል። ስለዚህ ተጫዋቾች መግፊያውን ገልብጠው በቀጭኑ ጭራ መምታት ጀመሩ። «ኪው» የሚለው ስም የመጣው ጅራት ማለት ከሆነው የፈረንሳይኛ ቃል ነው። ለችግር ጊዜ ብቻ ይፈለግ የነበረው ጭራ ከጊዜ በኋላ ዋናውን መሣሪያ ተካ፤ በመሣሪያዎች ታሪክ ውስጥ እንዲህ ያለው መገለባበጥ ከምናስበው በላይ ብዙ ነው።

ቀጣዩ ለውጥ ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ናት። ፍራንሷ ሚንጎ የተባለ ፈረንሳዊ መኮንን በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በዘንጉ ጫፍ ቆዳ ለጠፈ፤ በእስር ላይ ሳለ ነው ያገኘው ተብሎ ይተረካል። በ1827 ስለዚህ ጥበብ በፓሪስ መጽሐፍ አሳተመ። ባዶ እንጨት ኳስን ከመሐሉ ውጭ ሲመታ ይንሸራተታል፤ ቆዳ ግን ይይዛል፣ ስለያዘም ኳሱን ያሾረዋል። እንግሊዝ አገር ባዝ በተባለችው ከተማ የነበረው ጃክ ካር ደግሞ የዘንጉን ጫፍ ጠመኔ መቀባት እንዴት እንደሚጠቅም ተረዳ። ተራውን ጠመኔ «የማሾሪያ ዱቄት» አድርጎ በውድ ይሸጠው ነበር ይባላል። ቆዳና ጠመኔ ከተገናኙ በኋላ ዘንግ መግፊያ መሆኑ ቀርቶ የሽክርክሪት መሣሪያ ሆነ፤ ቀጥ ያለ፣ በልክ የሚለጠጥ፣ በእጅ ሚዛኑን የጠበቀ ዘንግም ተፈላጊ ሆነ። ለዘንግ ሠሪነት ራሱን የቻለ ሙያ የመሆን ዕድል የከፈተችው ይህች ቁራጭ ቆዳ ናት ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የኢንዱስትሪው ዘመን የቀረውን ጨመረ። በ1799 የቤት ዕቃ ሠሪ ሆኖ በለንደን ሥራ የጀመረው ጆን ተርስተን ወደ ቢሊያርድ ጠረጴዛ ዞረ። በ1820ዎቹ የጠረጴዛውን መደብ ከእንጨት ወደ ስሌት ድንጋይ ቀየረ፤ በቀጣዩ ዐሥር ዓመት ጠርዙን ጎማ አለበሰ። በ1836 የተቋቋመው በረውዝ እና ዋትስ በለንደን ሶሆ አደባባይ፣ በ1845 የተቋቋመው ኦርም እና ልጆቹ በማንችስተር፣ በኋላም ራይሊ በአክሪንግተን ጠረጴዛና ዘንግ በብዛት አወጡ። በዚያው በ1845 የወጣው የቁማር ሕግ የሕዝብ ቢሊያርድ ቤቶች ፈቃድ እንዲያወጡ አስገደደ፤ ጨዋታው ምን ያህል ወደ ተራው ሕዝብ እንደወረደ ከሕጉ መረዳት ይቻላል። ስኑከር ራሱ የተወለደው በእንግሊዝ ምድር አይደለም። በ1875 በሕንድ ጃባልፑር ኔቪል ቻምበርሊን የተባለ ወጣት መኮንን ከጓደኞቹ ጋር ባለቀለም ኳሶችን በመጨመር ፈጠረው፤ ስሙም ለጀማሪ የጦር ተማሪ ይሰጥ ከነበረ የፌዝ መጠሪያ የተወሰደ ነው። ይህ ቻምበርሊን በ1938 በሙኒክ ውል የሚታወቀው ጠቅላይ ሚኒስትር አለመሆኑን ለተማሪዎቼ ደጋግሜ መንገር ግዴታ ሆኖብኛል።

አሁን ወደ ሙያው ልግባ። በእጅ የተሠራ ዘንግ የሁለት እንጨቶች መጋጠም ነው። የፊተኛው ረጅም ክፍል ብዙውን ጊዜ አሽ ከተባለው ዛፍ ይወጣል። አሽ በአገራችን አይበቅልም፤ ይሁን እንጂ በዕፅዋት አመዳደብ ከወይራ ጋር የአንድ ቤተሰብ ነው። ወይራን በእጁ የያዘ ሰው ጥንካሬው ከየት እንደመጣ ይገባዋል። አሽ ከወይራ የሚለየው ቀለል ብሎ በመለጠጡ ነው፤ የመጥረቢያና የአካፋ እጀታ የሚሠራበትም ለዚህ ነው። የኋለኛው ክፍል፣ ማለትም እጀታው፣ ከከባድ እንጨት ይሆናል፤ ከሁሉም የሚመረጠው ኢቦኒ፣ በእኛ አገር ዞጲ ከሚባለው የጥቁር እንጨት ወገን የሚቆጠረው ነው። ቀላሉ ከፊት፣ ከባዱ ከኋላ ሲሆን ሚዛኑ ወደ ተጫዋቹ እጅ ይመጣል።

ሁለቱን የማጋጠሙ ሥራ ነው ጌታውንና ተማሪውን የሚለየው። ሠሪው የአሹን የኋላ ጫፍ በመላጊያ በአራት ጎን አሾልሾ ይልገዋል፤ እንጨቱ እንደ ረጅም ሽብልቅ ይሆናል። ከዚያ ሁለት የኢቦኒ ቁራጮችን በተቃራኒ ጎኖች በኮላ ያጣብቃል። ኮላው ሲደርቅ እነዚያን አስተካክሎ ይልግና ሁለቱን ቀሪ ጎኖች ይለጥፋል። አሁን በእጁ ያለው አራት ማዕዘን፣ ወፍራም፣ የማያምር ጉማጅ ነው። እሱን ወደ ስምንት ማዕዘን፣ ከዚያ ወደ ክብ፣ ከላይ ወደ ታች እየወፈረ እንዲሄድ አድርጎ በመላጊያ ያወርደዋል። የተላገው ገጽ ዝርግ፣ የዘንጉ ገጽ ደግሞ ክብ ስለሆነ ጥቁሩና ነጩ የሚገናኙበት መስመር እንደ ቅስት ይጎብጣል። በዘንጉ ላይ አራት ጥቁር ቅስቶች የሚታዩት ከዚህ የተነሣ ነው፤ ጌጥ ሆነው የተሣሉ አይደሉም። በማሽን የተጋጠመ ዘንግ ግን ሁለቱ እንጨቶች እንደ ሹካ ጥርስ ተቆርጠው አንዱ በሌላው ውስጥ ስለሚገባ ጫፎቹ ቅስት ሳይሆኑ እንደ መርፌ የሾሉ ናቸው። ስለዚህ አንድ አሮጌ ዘንግ በእጅ መሠራቱን ለማወቅ ማስታወቂያውን ማንበብ አያስፈልግም፤ ቅስቱን ማየት ይበቃል። የአራቱ ቅስቶች ቁመት በጥቂት ሚሊሜትር ተበላልጦ ከተገኘ ደግሞ የአንድ ሰው እጅ የት ላይ ጥቂት እንደጠነከረች እያያችሁ ነው።

በእነዚህ እንጨቶች ውስጥ የግዛተ ዐፄ መንገዶች ተጠቅልለዋል። ኢቦኒው ከሲሎን፣ ከሕንድና ከአፍሪካ ይጫን ነበር፤ የብራዚሉ ሮዝውድም እንዲሁ በመርከብ ይመጣል። ኳሶቹ ደግሞ ከዝሆን ጥርስ ይጠረቡ ነበር። ከአንድ ጥርስ ለኳስ የሚሆነው መሐለኛው ክፍል ብቻ ስለሆነ ጥቂት ኳሶች ብቻ ይወጣሉ። ገበያው ምን ያህል እንደተጨነቀ የሚያሳየን በ1863 አንድ የኒውዮርክ ጠረጴዛ ሠሪ ድርጅት የዝሆን ጥርስን ለሚተካ ነገር 10,000 ዶላር ሽልማት ማወጁ ነው፤ ሴሉሎይድን ለገበያ ያበቃው የጆን ዌስሊ ሃያት ሙከራም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ከሐረርና ከደቡብ ምዕራብ አገራችን በዘይላና በታጁራ በኩል ወደ ኤደን ይወጣ የነበረው የዝሆን ጥርስ የዚሁ የዓለም ገበያ ክፍል ነበር። ባለቅኔው አርተር ራምቦ በ1880ዎቹ በሐረር ተቀምጦ ይነግድባቸው ከነበሩት ዕቃዎች አንዱ እርሱ ነበር። የቢሊያርድን ታሪክ የእንግሊዝ ክለቦች የቤት ውስጥ ጉዳይ አድርጎ መጻፍ የማይበቃው ለዚህ ነው።

እስካሁን ስም የጠራሁላችሁ የድርጅት ባለቤቶችን፣ መኮንኖችንና ነጋዴዎችን ነው። መላጊያውን የያዘውን ሰው ግን አንድ ጊዜም በስም አልጠራሁም። ይህ የእኔ መዘንጋት አይደለም፤ ዘንጉ ራሱ የሚነግረን እንዲህ ነው። በእጀታው ታችኛ ጫፍ ላይ፣ እንጨቱ ጠፍጠፍ ተደርጎ በተላገበት ስፍራ፣ ባጅ ይለጠፋል። አንዳንዱ ባጅ ከዝሆን ጥርስ፣ ብዙው ግን እርሱን ከሚመስል ሰው ሠራሽ ነገር ነው። በባጁ ላይ የሻጩ ድርጅት ስም አለ፤ ከዚያም በላይ ጎልቶ የአንድ ሻምፒዮን ስምና ያስመዘገበው ተከታታይ ነጥብ ይጻፋል። ዊልያም ፒል በ1890 3,304 ነጥብ፣ አውስትራሊያዊው ዋልተር ሊንድረም በጥር 1932 በለንደን 4,137 ነጥብ አስመዝግበዋል፤ እንዲህ ያለ ቁጥር ነበር ዘንግ የሚሸጠው። ከዚያም ጆ ዴቪስ መጣ። በ1927 በመጀመሪያው የዓለም ስኑከር ሻምፒዮና አሸንፎ 6 ፓውንድ ከ10 ሺሊንግ ተቀበለ፤ እስከ 1946 ድረስ 15 ጊዜ ሳይሸነፍ ማዕረጉን ይዞ ቆየ፤ ስሙም በብዙ ሺህ እጀታዎች ላይ ታተመ። ሻምፒዮኑ ዘንጉን አልሠራውም፤ አብዛኛውን ጊዜም አልነካውም። የሠራው ሰው ስም ግን የትም የለም።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባም። በብር መስቀሎቻችን ላይ ያሠራው መኰንን ወይም የተሰጠበት ደብር ይጻፋል፤ ቀጥቅጦ ያወጣው አንጥረኛ ግን ብዙውን ጊዜ ስም የለውም። በእኛ ዘንድ ስሙ ያልተጻፈው ሙያው ስለሚናቅ ጭምር ነው፤ በለንደንና በማንችስተር ደግሞ የተከፈለው ደመወዝ ስሙንም የገዛ ስለተመሰለ ነው። ምክንያቱ ይለያይ እንጂ ለታሪክ ጸሐፊው የሚተርፈው አንድ ዓይነት ክፍተት ነው። በሁለቱም ጊዜ ሠሪውን የምናገኘው በእጁ ዱካ ብቻ ነው፤ በመላጊያው አሻራ፣ በቅስቱ ቁመት፣ በቀለማት አመራረጥ።

እዚህ ላይ እድሳት ወሳኝ ጉዳይ ይሆናል። ከፊታችሁ በጠረጴዛው ላይ የተጋደመው ዘንግ የእኔ ነው። ባጁ ወልቋል፤ የነበረበት ስፍራ ከሌላው የእጀታ ገጽ ነጣ ብሎ ይታያል። ከባጁ በታች ቁጥር በማኅተም ተመትቷል፤ 16½ ይላል፣ በአውንስ የተለካ ክብደቱ ነው። ከእጀታው በታች አንድ ሰው በስለት ሁለት ፊደላት ቀርጾበታል። አሹ ከዘመን ብዛት እንደ ማር ሆኗል፤ ተጫዋቹ ግራ እጁን በሚያሳልፍበት ግማሽ ላይ ከላብና ከጠመኔ የተነሣ ጠቁሯል። ጥቂት ጎብጧል። ከአራቱ ቅስቶች በአንዱ ሥር ኮላው ለቋል፤ ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ ይታያል።

ይህን ዘንግ ለገበያ የሚያሳድስ ሰው ምን ያደርጋል? በመጀመሪያ በብርጭቆ ወረቀት ከላይ እስከ ታች ይፍቀዋል፤ ጥቁረቱም፣ የተቀረጹት ፊደላትም፣ የመላጊያው አሻራም አብረው ይሄዳሉ። አሹ ነጭ፣ ኢቦኒው እንደ መስታወት ይሆናል። ዘንጉ ግን ቀጥኗል፤ አንድ ጊዜ የተፋቀ እንጨት አይመለስም፣ ሲቀጥንም የመለጠጡ ጠባይ ይለወጣል። ቀጥሎ ባለ አንድ ወጥ የሆነውን ዘንግ ቆርጦ የነሐስ ብሎን ያስገባበታል፤ የዛሬ ተጫዋች በአጭር ሣጥን ይዞት መጓዝ ስለሚሻ። ጥንት ይህ አያስፈልግም ነበር፤ ሰው ዘንጉን ቁልፍ ባለው ረጅም የቆርቆሮ ማኅደር ውስጥ አድርጎ እዚያው ቢሊያርድ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይተወው ነበር። በመጨረሻም የጎደለው ባጅ ይተካል። የታዋቂ ድርጅቶች ባጅ አስመስለው የሚሠሩ ስላሉ የሚከብድ ሥራ አይደለም። ባለ ስም የሆነው ዘንግ ዋጋው ያድጋል፤ ታሪኩ ግን ውሸት ሆኗል።

ባጅ ማስረጃ መሆኑ በቀላሉ ሊታይ አይገባም። የሊንድረም 4,137 የተጻፈበት ዘንግ ከጥር 1932 በፊት ሊሠራ አይችልም፤ ሳንቲም ለአርኪዮሎጂ ባለሙያ የሚሰጠውን ዓይነት ዘመን መወሰኛ ይሰጠናል። ነገር ግን ይህ ማስረጃ የሚሠራው ባጁና እንጨቱ አብረው ከኖሩ ብቻ ነው። ከአንዱ ዘንግ ወልቆ በሌላው የተለጠፈ እውነተኛ ባጅ ከሐሰተኛው ባጅ ያልተናነሰ አሳሳች ነው፤ እንዲያውም የከፋ ነው፣ ባጁ ራሱ ምርመራን ያልፋልና። በብራና ጽሑፎቻችን ውስጥ የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የአዲሱ የተጻፈበትን ገጽ ያያችሁ ታውቃላችሁ። የተፋቀው ስፍራ ባዶነቱ ይናገራል፤ አንድ ነገር እንደነበረ ይመሰክራል። በላዩ በዘመናዊ ቀለም የፈጠራ ስም ቢጻፍበት ግን ያ ምስክርነት ይዘጋል። የዚህን ዘንግ ባዶ ስፍራ ባዶ አድርጌ የተውኩት ስለዚህ ነው።

ታዲያ አሮጌ ዘንግ ጨርሶ አይነካ ማለቴ ነው? አይደለም። የለቀቀው ቅስት ካልተጠገነ ስንጥቁ ይሰፋል፤ ጥገና ያስፈልገዋል። ልዩነቱ ያለው በምን እንደምንጠግነው ነው። የጥንት ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ኮላ ከከብት ቆዳና አጥንት ተቀቅሎ የሚሠራ ነው። ሲሞቅ ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይይዛል፣ ከመቶ ዓመት በኋላም በሙቀትና በእርጥበት መልሶ ይለቃል። ዘንጉ እርጥበት ባለበት ምድር ቤት ሲቀመጥ የሚላቀቀውም በዚሁ ጠባዩ ነው፤ ጠጋኙን የሚጠቅመውም ይኸው ጠባይ ነው። አሮጌውን ኮላ በለብታ ውኃ አለስልሶ አጥቦ፣ በዚያው ዓይነት ኮላ መልሶ ማያያዝ ይቻላል፤ ከእኛ በኋላ የሚመጣ ሰውም የተሻለ ካወቀ ሊፈታው ይችላል። በዘመናችን ኢፖክሲ የተጠገነ ግን ከእንጨቱ ጋር ካልተሰበረ አይፈታም። የቅርስ ጥበቃ ባለሙያዎች ሊመለስ የሚችል ጥገና የሚሉት ይህንን ነው፤ መርሑን ከመጻሕፍት ይልቅ ከዚህ የቆዳ ኮላ መማር ይቀላል።

ቆሻሻውስ? በደረቅ፣ ከዚያም በጥቂቱ በረጠበ ጨርቅ ተጠርጎ የሚወጣው ይውጣ። የማይወጣው ጥቁረት ቆሻሻ መባሉ ቀርቶ የዕቃው ገጽ ሆኗል። በዚህ ዘንግ ላይ ጥቁረቱ ከጫፉ እስከ ምን ያህል እንደሚደርስ ብትለኩ የተጫዋቹን የእጅ ርዝመት ትገምታላችሁ። ከአንድ ጎን ብቻ ይበልጥ መጥቆሩ ደግሞ ዘንጉን ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ይይዘው እንደነበር ያሳያል፤ ጠፍጣፋው የእጀታ ገጽ መዳፉ ላይ ስለሚታወቀው። ስሙን የማናውቀው ሠሪና ስሙን የማናውቀው ተጫዋች የሚገናኙት እዚህ ገጽ ላይ ነው፤ የአንዱ ፊርማ የመላጊያው አሻራ፣ የሌላው ፊርማ ላቡ ነው። የብርጭቆ ወረቀቱ ሁለቱንም በአንድ ከሰዓት ያጠፋቸዋል።

የጉብጠቱ ነገር ግን አላስጨነቀኝም። እንጨት ጠባይ አለው፣ ይጎብጣል። አንዳንዶች በእንፋሎት ያቀኑታል፤ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይጎብጣል።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚሰነዘረው ብርቱ ተቃውሞ ከሰብሳቢዎች ሳይሆን ከተጫዋቾች የሚመጣ ነው፤ ክብደትም አለው። ዘንግ የተሠራው ሊጫወቱበት ነው ይላሉ። የቆዳ ጫፉ በየጊዜው ይቀየራል፣ የነሐሱ ቀለበት ይተካል፣ በተቀየረም ቁጥር እንጨቱ ጥቂት ያጥራል፤ አጥሮ ከማይበቃበት ሲደርስ ከኋላ በኩል ይቀጠልለታል። ይህ ሁሉ የዘንጉ ሕይወት እንጂ ጥፋት አይደለም። በሙዚየም መስታወት ውስጥ የተቀመጠ ዘንግ የሞተ ነው። ለዚህ ክርክር ከእስኮትላንዳዊው ስቴፈን ሄንድሪ ታሪክ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ሰባቱን የዓለም ሻምፒዮንነቶች ያገኘው በልጅነቱ በያዘው ርካሽ ዘንግ ነው፤ በ1990 ተሰርቆ ተመልሶለታል፤ በ2003 በአውሮፕላን ጉዞ ላይ ተሰበረ። ዕውቅ ጌቶች ሌላ ሠርተውለታል፤ ያ እጅ የለመደው ግን ያ አንዱ ነበር። ታዲያ ያ ርካሽ ዘንግ በምን ሚዛን ነው ከኢቦኒና ከቅስት የሚያንሰው?

በከፊል እስማማለሁ። የቆዳ ጫፍ እንደ ጫማ ሶል ነው፤ መቀየሩ ከመጀመሪያም የታሰበ ነው፤ ቀለበቱም እንደዚሁ። ስለዚህ የእኔም ዘንግ አዲስ ቆዳ ተለጥፎለታል፣ ይጫወቱበታልም። ነገር ግን ሊቀየር የተሠራውን መቀየርና ሊቆይ የተሠራውን መፋቅ አንድ ዓይነት ሥራ አድርጎ «ዕቃው እየኖረ ነው» ማለት ትክክል አይመስለኝም። ተጫዋቹ በአጠቃቀሙ የሚያመጣው ለውጥ ዱካ ይጨምራል፤ ለገበያ የሚፍቀው ጠጋኝ የሚያመጣው ለውጥ ዱካ ይቀንሳል። ሁለቱም «ለውጥ» በሚል አንድ ስም ስለተጠሩ ብቻ ልናደባልቃቸው አይገባም። በተጨማሪም በእጅ የሚሠሩ ጌቶች ዛሬም አሉ፤ የሚያብረቀርቅ አዲስ ዘንግ የሚፈልግ ሰው ከእነርሱ ማሠራት ይችላል። ሙያውን የሚያቆየው ይህ ነው። አሮጌውን ወደ አዲስ መለወጥ ግን ሙያውንም አያቆይም፣ ማስረጃውንም ያጠፋል።

ጊዜውም እየጠበበ መሆኑን መጨመር አለብኝ። የብራዚሉ ሮዝውድ ከ1992 ጀምሮ በዓለም አቀፉ ስምምነት ንግዱ የተከለከለ ነው፤ የማዳጋስካር ኢቦኒም ከ2013 ጀምሮ ቁጥጥር ውስጥ ገብቷል። በብሪታንያ በ2018 ወጥቶ በ2022 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ የዝሆን ጥርስ ያለበትን ዕቃ መሸጥ ይከለክላል፤ ከ1947 በፊት የተሠራና ጥርሱ ከዐሥር በመቶ በታች የሆነ ዕቃ ተመዝግቦ ሊሸጥ ይችላል። ስለዚህ የዝሆን ጥርስ ባጅ ያለው አሮጌ ዘንግ ዕድሜው የሕግ ጥያቄም ሆኗል። ዕድሜውን የሚያረጋግጡት ምልክቶች ከተፋቁ ባለቤቱ በሕግ ፊት የሚያቀርበው ማስረጃ ይጠፋበታል። ለዝሆኑ የሚበጀው ሕግ ሰብሳቢውን የታሪክ ተማሪ እንዲሆን ማስገደዱ እኔን አላስከፋኝም።

አሹም ከአደጋ ነፃ አይደለም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በፖላንድ የታወቀው የፈንገስ በሽታ በአውሮፓ ሁሉ ተዛምቶ በ2012 በብሪታንያ ተገኘ። በሰሜን አሜሪካ ደግሞ ከእስያ የመጣች አረንጓዴ ጢንዚዛ በ2002 ሚሺጋን ውስጥ ከታወቀች ወዲህ እጅግ ብዙ የአሽ ዛፎችን አድርቃለች። ቀጥ ያለ፣ መስመሩ የጠራ አሽ መምረጥ ለዛሬው ሠሪ ከአባቶቹ ይልቅ ከብዶታል። በየቢሊያርድ ቤቱ መደርደሪያ የቀሩት አሮጌ ዘንጎች ከእንግዲህ በዚያ ብዛትና በዚያ ጥራት የማይገኝ ደን ናሙናዎች ናቸው፤ የእንጨት ዓመታዊ ቀለበቶችን የሚያጠና ሰው በእጀታው ሥር የሚታየውን ክብ ቢመለከት ዛፉ በዝግታ ይሁን በፍጥነት ማደጉን ሊያነብ ይችላል፤ ይህም የሚሆነው ጫፉ ተቆርጦ ካልተቀጠለበት ነው።

በዚህ ዘንግ ላይ የተደረገውን ለመዝገብ ያህል ልንገራችሁ። የለቀቀው ቅስት በቆዳ ኮላ ተያይዟል። ገጹ በጨርቅ ተጠርጓል፣ በእጀታው ላይ ብቻ ስስ የሼላክ ሽፋን ተጨምሯል። የቆዳ ጫፉ አዲስ ነው፤ የተነሣው አሮጌ ቆዳ በወረቀት ተጠቅልሎ ከዘንጉ ጋር በማኅደሩ ውስጥ አለ። የተሠራው ሥራ ሁሉ፣ ከቀኑና ከተጠቀምንበት ነገር ጋር፣ በአንድ ገጽ ተጽፎ አብሮት ተቀምጧል። ሁለቱ ፊደላትም እንደነበሩ ናቸው። ከንግግሩ በኋላ ቀርባችሁ በእጃችሁ ልትይዙት ትችላላችሁ፤ ቅስቶቹን በመስኮቱ ብርሃን ብታዘነብሉ አራተኛው ከሦስቱ ዝቅ ብሎ ታገኙታላችሁ።

 ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ።